በአረቄ የተነከረ ሐረግ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ላሳይ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ከባሕር ዳር ዘንባባዎች የተረፉት ጥቂቶቹ በመስኮቱ የሚታዩበት፣ ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። የተቦረቦረውን ጥርሴን ስትነካካ ቆይታ ጥጥ አንድ ነገር ውስጥ ነከረችና ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችልኝ። የቅርንፉድ ዘይት ነው። አፌም አፍንጫዬም በአንዴ ሞላ፤ ዓይኔም ተከተለ። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ቅርንፉድ ለሌላው ሰው የወጥ ቤት ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን የላቦራቶሪ ሽታ ነው፣ አባቴን ከገዳም ያስወጣብኝ ነገር ሽታ ነው ብላት ጥርሴን ትታ ጭንቅላቴን ልትመረምር ነው። ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ስንት እንደከፈልሁ ባልናገር ይሻላል፤ በእኛ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ብስክሌት ይገዛ ነበር።

በእኛ ጊዜ ስል ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ዘመን የማስታውሰው በልብስ ነው። ቦላሌ ሱሪ የባሕር ዳርን መንገድ ይጠርግ የነበረበት፣ ሴቱ ሻሹን ሸብ አድርጎ ስብሰባ የሚውልበት፣ ስብሰባውም ከእሑድ እሑድ የማያልቅበት ዘመን ነበር በሉት። ከተማዋ በብስክሌት ነበር የምትንቀሳቀሰው። ስሙኒ ከፍላችሁ ለአንድ ሰዓት ትከራያላችሁ፤ ሰዓት ካሳለፋችሁ ባለቤቱ ዘንባባው ሥር ቆሞ ስማችሁን እየጠራ ይሳደባል። የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ሠራተኛው በጥጥ ብናኝ የነጣ ፀጉሩን እያራገፈ ይወጣል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ስለነበረ ሰላምታው ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። ሐይቁ ዳር ሴቶች ቆሮሶ ይጠብሳሉ። በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጧችኋል፤ ዓሣውን በልታችሁ ስትጨርሱ የአንዱ ባለሥልጣን ንግግር በዘይት ርሶ ይነበባል። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የክራር ዘፈን ብቻ የሚያሰማ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱን ፍቅረኛው ጥላው ሄዳ ነው ይባል ነበር። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ባንክ አለ። ሐይቁንም በነፃ ማየት ቀርቷል። ዳር ዳሩ ታጥሯል፤ ለማየት ማኪያቶ መግዛት አለባችሁ። ማኪያቶውን ገዝታችሁ ስትቀመጡ የምታዩት እንቦጭ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ኮሌጅ ጨርሼ እዚያው በባዮሎጂ ላቦራቶሪ በረዳትነት የተቀጠርሁ፣ ከቀሚሴ አብልጬ ነጭ ጋዋኔን የምተኩስ ልጅ ነበርሁ። ሥራዬ መቁረጥ ነበር። የተክል ግንድ ውስጡ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። በሌላ አገር ለዚህ ማሽን አለ፤ እኛ የነበረን ምላጭ ነው። ቀጭን ግንድ ብቻውን ተይዞ ስለማይቆረጥ ከሐይቁ ዳር ደንገል እናመጣለን፣ ታንኳ የሚሠራበትን ያንኑ ደንገል። ነጭና ለስላሳ የሆነውን ልቡን ሰንጥቀን ግንዱን መሃሉ ላይ እናጣብቅና ሁለቱን አንድ ላይ እንቆርጣለን። ከብዙ ቁራጭ አንዷ ትሳካለች። እሷን ቀይ ቀለም እናጠጣታለን፣ ውኃዋን በአልኮል እናወጣለን፣ በመጨረሻ የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ስንጥላት ጥርት ትላለች። ከዚያ በሁለት ቀጫጭን መስተዋት መካከል ትታሸጋለች፤ ስላይድ የምንለው ይህን ነው። ጣቴ ሁልጊዜ በምላጭ የተተለተለ ነበር፤ እጄን ስታጠብም ስተኛም ቅርንፉድ ቅርንፉድ እሸታለሁ። ብስክሌት አከራዩ «ወጥ ሠርተሽ ነው የመጣሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ሲጋራቸውን በላቦራቶሪው ኩራዝ የሚለኩሱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የዱር ቦዬ እናጥና አሉ። የደቡብ ሰዎች የሚተክሉትን ቦዬ ታውቁት ይሆናል፤ ሐረጉ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ስሩ አፈር ውስጥ እንደ ድንች ይወፍራል። የዱር ዘመዶቹ በእኛም በጣና ዙሪያ ጫካ ውስጥ አሉ። የቸገረው ሰው ቆፍሮ ይበላቸዋል፤ ችግሩ አንዱ ዓይነት ሲያጠግብ ሌላው መመረዙ ነው። ቅጠል ሲኖራቸው መለየት ይቻላል። ረሃብ የሚጠናው ግን ዝናብ ሲቀር ነው፣ ያን ጊዜ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ላይ የሚቀረው ሐረጉ ብቻ ነው። እንግዲህ የሐረጉ ውስጥ ከዓይነት ዓይነት የሚለያይ ከሆነ፣ የሚበላውን ከማይበላው በሐረጉ መለየት ይቻላል ማለት ነው። ማን ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ ስር ይቆፍራል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አምኜበት ነበር፤ ሰው የማድን መስሎኝ ነበር።

ሦስቱን ዓይነት ራሴ አመጣሁ። አንዱን ከመሸንቲ በላይ ካለ ወንዝ ዳር፣ አንዱን ከዓባይ ዳር፣ ሦስተኛውን ከቁንዝላ። ለቁንዝላው በጀልባ ሄጄ በጭነት መኪና ተመለስሁ፤ መንገዱ ወገቤን የሰበረው ያን ቀን ነው፣ እስካሁንም አልተጠገነም። ወገቤን ማለቴ ነው፤ መንገዱ አሁን ተሠርቷል አሉ። የአንዱ ግንድ ክብ ነው፣ የሌላው ማዕዘን አለው። አንዱ ዛፉ ላይ ወደ ቀኝ ይጠመጠማል፣ ሌላው ወደ ግራ። ውስጣቸው ግን ይበልጥ ያምራል። ውኃ ከስር ወደ ላይ የሚወጣባቸው ቱቦዎች ክቡን ግንድ ዙሪያውን ተሰልፈው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ቀለም ሲጠጡ ደም ይመስላሉ። አራተኛው ዓይነት በአንድ ደሴት ላይ እንደሚገኝ የነገሩኝ አባቴ ናቸው።

አባቴ ሐሙሲት አካባቢ ባለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትሞት አርባዋ እንኳ ሳይወጣ ሊመንኑ ተነሡ። የገቡባትን ደሴት ስም አልጽፍም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት መነኮሳት ያን ጊዜ አልተወለዱም፣ ምን አድርገውኝ። ሴት እግሯን የማታሳርፍበት ገዳም ነው። ሴት ዶሮ እንኳ አትገባም ይባላል። ሰው ሚስቱ ሞታበት ሲመንን ልጁም አብራ ሞተችበት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። በወር አንድ ጊዜ ጌትነት በሚባል ሰው ጀልባ ሄጄ ከመውረጃው ድንጋይ አጠገብ እንቆማለን። አባቴ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ጀልባው ውስጥ እቀመጣለሁ፣ በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ውኃ አለ። ምን እንነጋገራለን? ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ቀረ። ዳቦ አቀብላቸዋለሁ፣ ሎሚ ያቀብሉኛል። ስለ ሐረጉ ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ዛፉን አንቆ ሊገድለው ነው አሉኝ፤ ቆርጠው ያምጡልኝ አልኋቸው። ከመነኑ ወዲህ የሆነ ነገር ስለምናቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አባት መሆን አምሯቸው የነበረ ይመስለኛል።

አሰባሰቡን እንደ ደንቡ አስተማርኋቸው። ሐረጉ ውኃ የሚሞላው ሌሊት ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳይነካው ይቆረጣል። ከመቁረጥ በፊት ዛፉን እየዞሩ፣ በጣት እየተከተሉ፣ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ መጠምጠሙን መለየት ነው። አፈር ከነካው ምላጬን ስለሚያበላሽብኝ መሬት ሳይነካ በነጭ ጨርቅ ይያዛል። ሥሩና ጫፉ እንዳይምታታብኝ የታችኛው በኩል በቀይ ክር ይታሰራል። ከዚያ አልኮል ውስጥ ይገባል። የላቦራቶሪው አልኮል በማንኪያ ይታደል ስለነበረ ከገበያ ዳግም የወጣ አረቄ በጠርሙስ ገዝቼ ሰጠኋቸው።

እስቲ አሁን ይህን ሁሉ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው ሆናችሁ ተመልከቱት። ድሮ መሪጌታ የነበሩ መነኩሴ ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ጫካ ገቡ። ጣታቸውን እያዞሩ ዛፍ ዞሩ። ሐረግ ቆረጡ፣ መሬት አላስነኩትም፣ በቀይ ክር አሰሩት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፣ አረቄ ውስጥ ነከሩት፣ ወስደው ጀልባ ላይ ለተቀመጠች ሴት ሰጡ። የቤተ ክህነት ሰው ድሮም በስር ማሽነት፣ በቅጠል በጣሽነት ይጠረጠራል። በዚያ ላይ በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት መነኩሴ ቆቡን ጥሎ ቁንዝላ ሄዶ ሚስት አገባ። ልጁ ድሮም ዓይኑ ጀልባ ጀልባ ሲል የኖረ ነው አሉ፤ ግን ያ ምክንያት ለመነኮሳቱ አልበቃቸውም፤ መስተፋቅር የሠራበት ሰው ፈለጉ። ጌትነት ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመና «አንች፣ አባትሽን በሥራይ በድግምት ከሰሷቸው። ረቡዕ የመነኮሳቱ ማኅበር ሊቀመጥባቸው ነው» አለኝ።

ረቡዕ ማይክሮስኮፑን ተውሼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ጡት ልጅ ታቅፌ ሄድሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዕቃው ውኃ ከገባ ደመወዜ ዕድሜ ልኬን እንደማይበቃው ነግረውኛል። ደሴቲቱ ስንደርስ ማኅበሩ ከላይ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። አባቴ ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ጌትነትን ወርደህ ንገራቸው አልሁት። ሄዶ፣ ልጃቸው ሐረጉን ምን እንዳደረገችው በዓይናችሁ ታሳያችሁ ብላለች አላቸው። ብዙ ቆይቶ የገዳሙ መጋቢ ወረዱ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ደሴቲቱን አይነካም ስላሉ ማይክሮስኮፑን ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ አልተቻለም። እሳቸው ወደ ጀልባው መግባት ሊኖርባቸው ነው። እኔ ወደ ጀልባው ጫፍ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ፣ እሳቸው በሌላው በኩል ገቡ። የማይክሮስኮፑን መስተዋት ቀደም ብዬ ወደ ፀሐይ አዙሬዋለሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የመረጥኋት ያችኑ ከደሴቲቱ ሐረግ የቆረጥኋትን ነው፤ እንዲህ ያማረ ቁራጭ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልወጣልኝም። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ጠጥቷል።

«ምን ይታይዎታል፣ አባ?» አልሁ ጀርባዬን እንደሰጠሁ።

«ዓይን» አሉ። «ቀይ ዓይን ነው። ዙሪያውን ዓይን ነው።»

ሁለት ሁለት ሆነው የተሰለፉት ቱቦዎቼ ነበሩ። ውኃ የሚወጣባቸው ናቸው፣ በሰው ገላ ውስጥ የደም ሥር እንዳለ ማለት ነው አልኋቸው። ያን ጊዜ ከቁንዝላ በኩል የምትመጣ የጭነት ጀልባ ማዕበል ደርሶ ጀልባችንን ነካ አደረጋት። ስላይዷም ከጀልባው ጋር ተንቀሳቀሰች። «ያየኛል» አሉ መጋቢው፤ ድምፃቸው ተቀይሯል። «ይኸው ዞሮ አየኝ።» ጀልባው ሲወዛወዝ ዘልለው መውረዳቸውን አወቅሁ። ዘወር ስል እያማተቡ ዳገቱን ይወጣሉ። የጠልሰም ክታብ አይታችሁ ከሆነ ምን እንዳዩ ይገባችኋል። ክብ በክብ፣ ዓይን በዓይን፣ በቀይ ቀለም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ክታብ ሲያዩ እሳት ውስጥ የሚጥሉ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከጌትነት ነው፣ ምክንያቱም እኔ ከጀልባው ሆኜ እየጮህሁ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። መጋቢው ያዩትን ተናገሩ። አባቴን ጎሕ ሲቀድ ቆርጠሃል ወይ አሏቸው፣ አዎ አሉ። ዛፉን ዞረሃል ወይ፣ አዎ። በቀይ ክር አስረሃል፣ አረቄ ውስጥ ነክረሃል፣ ለሴት ሰጥተሃል፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ስለምን አደረግኸው ሲሏቸው «ልጄ ለመነችኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ድጓውን ከነምልክቱ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ስለ ራሳቸው ሦስተኛ ቃል አጡ። ቆባቸውን አልገፈፏቸውም፣ ይህን ደግነት ነው የሚሉ አሉ። ሂድ ብቻ አሏቸው። ዳዊታቸውንና ጋቢያቸውን ይዘው ወርደው ጀልባው ውስጥ መጋቢው ተቀምጠውበት ከነበረው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከደሴቲቱ እስከ ባሕር ዳር አንድ ጊዜም ዞር ብለው አላዩም።

ጥናቱስ? ተጠናቀቀ፣ ተጠረዘ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የክፍሉ ኃላፊ የደሴቲቱን ሐረግ ናሙናው አንድ ብቻ ስለሆነ አያስተማምንም ብለው በቀይ እርሳስ ሰረዙት። ሦስቱ ይበቃሉ አሉ። ደሴቲቱ ላይ ሁለተኛ ናሙና የሚቆርጥልኝ ሰው የለኝም፤ የነበረኝ እንግዲህ ሽምብጥ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ተኝተው ነበር።

ልጅ ሆኜ፣ ቤቴ ውስጥ አባት ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ነበር። ተሰጠኝ። ግቢው የፋብሪካ ሠራተኞች ግቢ ነበር። አባቴ ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ በግራ በኩል ሬዲዮ፣ በቀኝ በኩል የባልና ሚስት ጭቅጭቅ፣ ከፊታቸው ደግሞ የጎረቤት የውስጥ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ክርስትና የሚያነሡ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ሕፃናቱ «አባ፣ አባ» እያሉ የሚከተሏቸው ሽማግሌ ሆኑ። ደስተኛ ይመስሉ ነበር የሚሉ አሉ፤ አልነበሩም። ሊሞቱባት የመረጧት መሬት ከሐይቁ ዳር ሆኖ በጠራ ቀን ትታያለች፣ እሳቸው ግን ሐይቁ ዳር ሄደው አያውቁም። ጥፋቱ ያንች ነው ያሉኝም ነበሩ። አይደለም። ልጅ አባቷን ሐረግ ለመነች፤ ይህ ኃጢአት ከሆነ ገና ንስሐ አልገባሁበትም፣ አልገባምም። ለሚሰማኝ ሁሉ እከራከርላቸው ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ ለራሳቸው ለአባቴ። ራት ላይ ተቀምጬ፣ አላዋቂዎች ናቸው፣ ቱቦን ዓይን ያደረጉ ደናቁርት ናቸው እላለሁ። አባቴ ዝም ይሉኛል። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጥሬው ኖርሁ።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥትም ቦላሌም አለፈ። ኮሌጁ አዳዲስ ዕቃ ሲመጣለት አሮጌዎቹን ማይክሮስኮፖች በጨረታ ሸጠ፣ አንዱን ገዛሁ። ያችን ስላይድ ከመጀመሪያውም አስቀርቻት ነበር። ይዩት፣ የተፈረደብዎትን ነገር በዓይንዎ ይዩት እያልሁ ስለምናቸው፣ ይቅርብኝ ይሉኛል። የዓይናቸውን ሞራ ካስገፈፍሁላቸው በኋላ፣ አንድ ጠዋት ግን፣ ጸሎታቸውን እንደጨረሱ «እስቲ ያን ዕቃሽን አምጭው» አሉኝ። መስኮቱ ሥር አስቀመጥሁት። ሰው ሁሉ ባያምነኝ እንኳ እሳቸው በዓይናቸው አይተው፣ በከንቱ እንደተባረሩ አውቀው ይሙቱልኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ጠረጴዛው አይነቃነቅም፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው። አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ያዩት ይህን ነው?» አሉኝ።

«ይህንኑ ነው፣ አባየ።»

እንደገና አጎነበሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣም ኀዘንም አልነበረም። «እንግዲህ ምን ያድርጉ» አሉ። «እኔም ብሆን አስወጡት እል ነበር።»

ቱቦ መሆኑን፣ ውኃ መሆኑን፣ ስንት ጊዜ ነግሬዎታለሁ አልኋቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «ነግረሽኛል፣ አውቃለሁ» አሉ። «ያየሁት ግን ዓይን ነው፣ ልጄ።» ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ያን ቀን ራት አላቀረብሁላቸውም፤ ጎረቤት ነው ያበላቸው። በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተቀበሩ። መቃብራቸው ድረስ መሄድ እችላለሁ፣ ሴት አትከለከልም። መጋቢውን ይቅር ካልሁ ቆየሁ፣ ማኅበሩንም። አባቴን ግን እስካሁን ይቅር አላልኋቸውም።